ደስታ የተከለከለ ውሻ

በእኛ አገር ሰላምታ ሥራ ነው። ቀልዴን አይደለም። ከጃጁራ ገበያ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ከዘመዱ ጋር ቢገናኝ፣ የራሱን ደህንነት፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የላሚቱን፣ የጥጃዋን፣ የእንሰቱን፣ አምና ጉልበታቸውን ያማቸው የነበሩትን የአጎቱን ሁኔታ አንድ በአንድ ሳይጠየቅ አይለቀቅም፤ ተጠይቆ ሲያበቃ ደግሞ የመጠየቅ ተራው የእሱ ነው። ሁለቱ ሰላም ተባብለው እስኪጨርሱ ብብታቸው ሥር የያዟት ዶሮ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መጋዝ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ከአንድ የሀቢቾ ሰው ጋር ሰላም መባባል ጀምሬ፣ ዝናቡ መጥቶ፣ ዘንቦ፣ አባርቶ ሄደ። እኛ ገና ከብቶቹ ላይ ነበርን።

እንግዲህ በዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ የምወደውን ፍጡር ሰላም እንዳልል የተከለከልኩበት ጊዜ ነበር። መንግሥት ነው የከለከለህ እንዳትሉኝ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ መንግሥት የከለከለን ነገር ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ ነበር። ይህን ግን የከለከለኝ የከብት ሐኪም ነው።

ፍጡሩ ውሻ ነው። ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ስሙ ቡኒ ይባላል። እዚሁ ሆሳዕና ትሠራ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ነርስ ነበረች፤ አናጢ ነኝና የቤቷን በርና መስኮት የሠራሁላት እኔ ነኝ። አገር ልቀቂ ስትባል ዕቃዋን ለሚያውቋት አከፋፈለች። አንዱ አልጋ ደረሰው፣ ሌላው ድስት ደረሰው። እኔ ከዶሮ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ጆሮው እንደ ጎመን ቅጠል የተንጠለጠለ፣ ሌባ ሲመጣ የሚተኛ፣ ዘመድ ሲመጣ የሚጮህ ውሻ አቅፌ ወደ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አማረች ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "ይሄ ራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል" አለች። ትንቢት ሆነ።

ሁለት ዓመት ደህና ከኖረ በኋላ ማሳል ጀመረ። አጥንት ውጦ ነው ያለ አለ፤ ብርድ ነው ያለም አለ። አማረች በእኛ ወግ ለታመመ የሚደረገውን አደረገች፤ ቅቤ አቅልጣ አጠጣችው፤ ሳሉ ሲብስ አተካና ሠራችለት፤ ቡላውን በቅቤና በአይብ አሽታ፣ ጨው ጣል አድርጋ። ለአራስ የሚሠራ ምግብ ውሻ ሲበላው ያየሁት ያኔ ነው። ቡኒ በላ፣ ሳመን፣ አሳለ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የአጥር በሩን እንደከፈትኩ እንደ ልማዱ እየዘለለ፣ እየተሽከረከረ፣ ጅራቱ ወገቡን እስኪያጥፈው እየተወዛወዘ ሊቀበለኝ መጣና፣ ግቢው መሃል ሲደርስ ወደቀ። እግሮቹ ደርቀው፣ ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ። ሞተ ብዬ ጮህኩ፤ አማረችም ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፣ ጆሮውን አራገፈና ካቆመበት ቀጠለ። ያው ሰላምታውን ነው የቀጠለው።

በማግስቱ በጋሪ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የዱራሜ ሰው ነው፤ ጓደኛዬ ነው፤ ቀልዱ ከመርፌው ይብሳል። "ላምቦሬ፣ እኔ የተማርኩት በሬ ነው፤ ይሄ ደግሞ የበሬ ጆሮ እንኳ አያክልም" እያለ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ መቀለዱን ተወ። ብዙ አዳመጠ።

"ልብ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ" አለኝ። "ደሙ ካለፈ በኋላ ግጥም ብለው ይዘጋሉ። የዚህ አንደኛው በር አይገጥምም። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውሃው ሳንባው ላይ ይተኛል። የሚያስለው ለዚህ ነው።"

በር ከሆነ የእኔ ሙያ ነው ብዬ ደስ አለኝ። "በመላጊያ ትንሽ ብንነካውስ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ውሻ ነው እኮ! ቁም ሣጥን አይደለም!"

ይህ በሽታ አይድንም፤ በመድኃኒት ይዘው ያቆዩታል እንጂ ብሎ አስረዳኝ። ውሃውን የሚያስወጣ ክኒን አለ፤ የሰው ክኒን ነው፤ ሩቡን በየጠዋቱ ትሰጠዋለህ። ጨው የሚባል እንዳይቀምስ። ቅቤውንም ተዉት። ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠር፤ በደቂቃ ከአርባ ካለፈ ይዘኸው ና። ሰዓት የለኝም አልኩት። አሰበና በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "አባታችን ሆይ በል እስቲ" አለኝ። ቀስ ብዬ አልኩ። ሰዓቱን እያየ፣ "ድገመው" አለ። ደገምኩት። "ሁለት ጊዜ ስትል አንድ ደቂቃ ይሞላል" አለኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጺማም የውጭ አገር ሰዎች ቁልቁል ያዩን ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመንግሥት ሰዓት የተለካ ጸሎት ከእኔ ሌላ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልወጣ ስል፣ "ዋናውን ረሳሁ" አለኝ። "ማን ሲመጣ ነው እንዲህ የሚሆነው?"

አፈርኩ። "እኔ ስመጣ ነው።"

"እንግዲያው አትምጣ።"

"ቤቴን ትቼ የት ልሂድ?"

"ግባ፤ ግን መግባትህን አይወቅ። ደስታ ልቡን ያስሮጠዋል፤ በሩ ደግሞ አይገጥምም። አንዱን ቀን ወድቆ አይነሣም። ሰላም አትበለው።"

የቤታችን ኑሮ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ክኒኑን የምናገኘው ከእማማ አየለች ነበር፤ ጎረቤታችን ናቸው፤ የጸሎት እናታችንም ናቸው፤ ያው በሽታ እሳቸውንም ይዟቸዋል። ከራሳቸው ክኒን ላይ ለቡኒ ቆርሰው ይሰጡናል። አያፍሩም ወይ ያላቸው ሰው ቢኖር፣ "ምን ያሳፍረኛል? ሕመሜን ሳወራ ከሟቹ ባሌ የተሻለ ያዳምጠኛል" ብለው አሳፈሩት። አማረችን ያስቸገራት ጨው ነው። ሥጋውን ያለ ጨው ቀቅላ ስታቀርብለት ፊቷን ታዞር ነበር። "እንግዳ ቢያየኝ ምን ይለኛል?" ትላለች። ቡኒም ያያታል፣ ሥጋውን ያያል፣ እንደገና ያያታል። ምን በደልኩሽ ዓይነት ነው።

ትንፋሽ ቆጠራውም ቀላል አልሆነም። እኔ ትምህርቴ መጽሐፍ ቅዱስ ከማንበብ ብዙም አያልፍ፤ እየጸለዩ መቁጠር ከየት ይምጣ? "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ስደርስ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ቁጥሩን ስይዝ ደግሞ ከጸሎቱ ግማሹን እዘላለሁ፤ እግዚአብሔርን እንደ ሰዓት መጠቀሜም ሕሊናዬን ይቆረቁረኝ ነበር። በኋላ ተከፋፈልነው። ቡኒ ከምሳ በኋላ ሲተኛ አማረች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁለት ጊዜ ትጸልያለች፤ እኔ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ በበቆሎ ፍሬ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሲሆን ተመስገን እንላለን። ሠላሳ ስድስት ሲሆን እንደገና እንቆጥራለን። ሃያ ዓመት በትዳር ኖረን እንደዚያ ዘመን አብረን ጸልየን አናውቅም።

ሰላምታውን ግን ምን ልበላችሁ።

በፊት በር መግባት ተውኩ። የአጥሩን ጀርባ ከፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በእንሰቱ መሃል ጎንበስ ብዬ ወደ ጓሮ እገባና እዚያው ባለችው እንጨት መሥሪያዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቡኒ ቆይቶ ሲዞር ያገኘኛል። አላየውም። ይጠጋኛል። አሁንም አላየውም፤ ሚስማር እፈልጋለሁ። ይህ ሰውዬ ለካ እዚሁ ነበር ብሎ እግሬ ሥር ሲተኛ፣ ያን ጊዜ ጆሮውን እዳስሳለሁ። እንዲያም ሆኖ ዘመድ ሲመጣ አንዳንዴ ወድቆ ይነሣ ነበር፤ እኔን ግን በኋላ በኋላ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው አድርጎ ሳይቆጥረኝ አልቀረም። አማረች፣ "እኔንስ ሰላም የማትለኝ ልቤ ደህና ስለሆነ ነው?" አለችኝ አንድ ቀን። እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ እሷን ረስቻት ነበር።

ችግሩ በእኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ጓሮ ወንድ ዝም ብሎ የሚሾልክበት ቦታ አለመሆኑ ነው። ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው፣ ልብሳቸውን ሰብስበው ነው የሚሠሩት፤ ወንድ ማለፍ ካለበት ከሩቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ጉሮሮዬን ከጠረግኩ ቡኒ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከጎረቤት ሴቶች ስብስብ መሃል ዱብ አልኩ። "ኧረ ጋሽ ላምቦሬ! የከተማውን በር ሁሉ ሠርተው የራስዎ ጠፋዎት?" አሉና የእንሰት ልጣጭ ወረወሩብኝ። ወሬው እስከ ማታ ገበያውን ዞረ። ከገበያው ቀበሌ ገባ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤቴ ውስጥ የሚደበቅ ነገር አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰባት ስምንት ሆነን እንጨት መሥሪያዬ ውስጥ እንጸልይ ነበር። እነሱ ሲዘምሩ እኔ ድምፁን ለመሸፈን ሚስማር እመታለሁ፤ በሐሙስ የሠራሁት ዕቃ ሁሉ ሚስማር የበዛበት ለዚህ ነው። የማኅበሩ መጽሐፍ ቅዱሶችና የአባላቱ ስም ዝርዝር ደግሞ እኔው በሠራሁት፣ ወለሉ ድርብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ቤቴ ከተፈተሸ የሚታሰረው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ማቴዎስ ይባላል። አባቱ በገጠር ወንጌል ሰባኪ ነበሩ፤ እሱ ግን ከተማ ገብቶ ካድሬ ሲሆን ከስሙ በቀር ከአባቱ ቤት ያመጣው ነገር አልነበረም። አጠገቡ አብዮት ጥበቃው አኑሎ አሮጌ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል።

"ጓድ ላምቦሬ፣ ቤትህ በር አለው?"

"አለው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።"

"ታዲያ ለምንድን ነው በእንሰት መሃል የምትሾልከው?"

"ውሻዬ እንዳይደሰት ነው።"

አኑሎ አሳለ። ሳቁን ነው ያሳለው።

"እየቀለድክ ነው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ልቡን ያመዋል። ሲደሰት ይወድቃል። ሐኪሙን ጠይቁት።"

ሐኪሙ ለክትባት ሀቢቾ ወርዷል። ማቴዎስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። እውነት ብዙ ጊዜ ተናግሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ውሸት የመሰለ እውነት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"ጥሩ" አለ። "አሁን አብረን እንሄዳለን። በፊት በር ትገባለህ። ውሻው ተደስቶ ከወደቀ እውነትህን ነው። ካልወደቀ ቤትህ ይፈተሻል።"

ከቀበሌው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ አጭር ነው። ያን ቀን እንዲረዝም ፈለግኩ። እኔ ለትንሹም ለትልቁም የምጸልይ ሰው ነኝ፤ ሚስማር ሲጠፋብኝ እንኳ እጸልያለሁ። ያን ጊዜ ግን ምን ብዬ ልጸልይ? ቡኒ ይውደቅ ልበል? ሐኪሙ አንዱን ቀን ወድቆ አይነሣም ብሏል። አይውደቅ ልበል? እማማ አየለችና ሌሎቹ ወኅኒ ሊወርዱ ነው፤ እማማ አየለች በዚያ ልባቸው ወኅኒ አንድ ሳምንት አያድሩም። ሁለት የታመመ ልብ ግራና ቀኝ ይዤ ሄድኩ። በመጨረሻ፣ "ጌታ ሆይ፣ አንተው ታውቃለህ" ብቻ አልኩ። አኑሎ ከኋላዬ፣ "ምን አልክ?" አለ። "ለአንተ አይደለም" አልኩት።

የአጥር በሬ ጋ ደረስን። ለወራት ዘይት ስላልቀባሁት ማጠፊያው ዝጓል። ስገፋው ጮኸ። ቡኒ አማረች ደጃፍ ላይ ባነጠፈችለት ጆንያ ላይ ተኝቶ ነበር። ጆሮው ተነሣ። አየኝ። ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው በፊት በር ሲገባ ሲያይ ምን እንደመሰለው አላውቅም። ተነሣ፣ አለቀሰ ብላችሁ አትስቁብኝ፤ አለቀሰና መጣ። "ቀስ! ቀስ በል ቡኒ!" እላለሁ። እሱ ወራት ሙሉ የተጠራቀመ ሰላምታ ነው ይዞ የመጣው። ሲዞረኝ፣ ሲዘል፣ ጓድ ማቴዎስንም አብሮ ሲዞረው ቆየና ከሊቀመንበሩ ጫማ ሥር ዘፍ አለ። እግሮቹ ደረቁ። ምላሱ ሰማያዊ ሆነ።

አማረች ከቤት ሮጣ ወጣች። አኑሎ ቆቡን አወለቀ።

ያን ጊዜ ጓድ ማቴዎስ ዱብ ብሎ ተንበረከከ። በዚያ ሁልጊዜ በሚተኮስ ሱሪው። እጁን የውሻው ጎን ላይ አደረገና፣ በአማርኛም አይደለም፣ በእናቱ ቋንቋ በሀዲይኛ፣ እንደ ልጅ ቶሎ ቶሎ፣ "ጌታ ኢየሱስ፣ እባክህ ማረው፤ እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ እባክህ ማረው" አለ።

አማረች ልማድ ሆኖባት፣ "አሜን" አለች።

አኑሎም አሜን አለ። ከዚያ ግራና ቀኝ አየ።

ቡኒ አንዴ ረዥም ትንፋሽ ሳበ። ዓይኑን ገለጠ። አንገቱን ቀና አድርጎ የሊቀመንበሩን እጅ ላሰ። የእኔን አይደለም። ትንሽ ቅር እንዳለኝ አልደብቃችሁም።

ማቴዎስ ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ማናችንንም ሳያይ፣ "ማስረጃው በቂ ነው" አለ። ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰና አኑሎን፣ "አንተ ምን ሰማህ?" አለው።

"ውሻው ሲያስል ነው የሰማሁት፣ ጓድ።"

ሰኞ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተም ያለበት ነው። ጓድ ላምቦሬ፣ ቤተሰቡና ጠያቂዎቹ፣ በቤቱ በሚገኘው ውሻ የጤና ሁኔታ ምክንያት በጓሮ በኩል ቢገቡና ቢወጡ ቀበሌው የማይቃወም መሆኑን ይገልጻል። "ጠያቂዎቹ" የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ ወዲህ የሐሙስ ሰዎቻችን ሁሉ በጓሮ ይገቡ ጀመር፤ ለሴቶቹም አስቀድመን እናሳውቃለን። ውሸት እንዳይሆንብን እያንዳንዱ ሲገባ ቡኒን ጎንበስ ብሎ እንዴት ነህ ሳይለው አይቀመጥም፤ ቀስ ብሎ፣ ደስ ሳያሰኘው። እማማ አየለችም ጸሎቱን ሲዘጉ እሱን ጨምረው ነበር፤ "ለአንድ ክኒን ጓደኛዬ" እያሉ።

ቡኒ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። የሞተው በበጋ፣ በቀትር፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ነው። አማረች እየጸለየች እኔ እየቆጠርኩ ነበር። ቁጥሩ ከአርባ በላይ ሄደ፤ ወደ ሐኪሙ ልሮጥ ስነሣ እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ቁጥሩ ወረደ፤ ወረደና ሁለተኛው አባታችን ሆይ ሳያልቅ ቆመ። አማረች አላቋረጠችም። እስከ አሜን ጨረሰችው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ምክንያቱ ካለቀ ፈቃዱም አልቋል ብዬ ነው። ጓድ ማቴዎስ ወረቀቱን አየና ገባው። ተነሥቶ የቢሮውን በር ዘጋ።

"መቼ?"

"ትናንት። ሳይሠቃይ ነው።"

ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ "ጋሽ ላምቦሬ" አለኝ። ጓድ አላለኝም። "ያን ቀን... ያልኩት ነገር... የሰማኝ ይመስልሃል? እኔ እኮ ከተውኩት ብዙ ዓመቴ ነበር።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቡኒ ከዚያ ቀን በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ወድቆ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥቷል፤ ማንም ሳይጸልይለት፣ አማረች ውሃ ለማምጣት ሳትዞር እንኳ። ሐኪሙም የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው፤ ልቡ ሲረጋ ራሱ ይነሣል ብሎኛል። እኔ እውነት መናገር የምወድ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። የሰውዬውን ፊት አየሁ።

"ተነሥቷል እኮ" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ተነሥቷል።" ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። "ይቆይህ። ሌላ ውሻ ታሳድግ ይሆናል።"

ወደ ቤቴ ስመለስ ሕሊናዬ ሲነዘንዘኝ መጣ። ግማሹን እውነት ነግረህ ግማሹን ዋጥክ ይለኛል። ልክ ነው፣ ውጫለሁ። መንገዱ እኩሌታ ላይ ግን ቆም አልኩ።

እነዚያን አሥራ አንዱን ጊዜስ ማን አነሣው?